ወረርሽኝን በጤና ዘመን ስለሚጠብቁ ሰዎች

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተዘረጋው በደምቢያ ሜዳ ላይ በ1946 ዓ.ም. ግድም የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 የሚያህል ሕዝብ ፈጀ። የዚያ እልቂት ወሬ ከተሰማ በኋላ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከሌሎችም ረድኤት ሰጪዎች ጋር ተማክሮ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ፤ በዚህም ቤት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በአንድ ላይ ተምረው፣ ሲመረቁም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወጡ ተደረገ። ኮሌጁ አድጎና ሰፍቶ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠራው ነው። እንግዲህ ከታላላቆቹ የትምህርት ቤቶቻችን የአንዱ መሠረት የተጣለው በወረርሽኝ ሙታን መቃብር አጠገብ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህን ታሪክ ሳነሣ ልቤ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን፣ አንድ ሕዝብ ከደረሰበት መቅሠፍት ተምሮ ለቅሶውን ወደ ትምህርት ቤት መለወጡ ሊመሰገንበት የሚገባ ነው፤ በሌላ ወገን ግን ትምህርት ቤቱ ከመቅሠፍቱ በፊት ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከነዚያ ሰባት ሺህ ነፍሳት መካከል ስንቱ ሰብሉን ሰብስቦ፣ ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ፣ በሸመገለ ዕድሜው ባረፈ ነበር ብሎ ማሰብ አይቀርም። ነገሩም የደምቢያ ብቻ አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. በጋ ድረስ ወባ፣ ከወትሮው ወሰኑ አልፎ ወደ ከፍታው አገር ጭምር ወጥቶ፣ 3,000,000 ሕዝብ እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል፤ የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት የቆመው ይህ ከሆነ በኋላ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ደግሞ በኦሞ ወንዝ ሸለቆና በአካባቢው ቢጫ ወባ ገብቶ 30,000 ያህል ሕዝብ ጨረሰ፤ በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ወርደው የበሽታውን ማንነት ባረጋገጡ ጊዜ፣ ብዙ ጎጆ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ወደ ኋላ ከሄድንም የምናገኘው ያንኑ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የበረታው፣ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደገደለ ሲነገር፣ በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ እነርሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ሕዝቡ የሚችለውን ሁሉ አደረገ፤ ጸለየ፣ ምሕላ ያዘ፣ ጥራጊውን አቃጠለ፣ የቻለውም ከከተማ ሸሸ። አስቀድሞ አይቶ የሚነግረው ሰው ግን አልነበረውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ነገር አንድ ነው። ወረርሽኝን የሚከላከል ሰው፣ በሽታው ሲነሣ ተጠርቶ ሲያልፍ የሚሰናበት የዘመቻ ሰው ሊሆን አይገባውም፤ እንደ ዳኛና እንደ መምህር የዕድሜ ልክ ሙያ፣ በአገር በጀት የታወቀ መደብ፣ በዕውቀቱና በአገልግሎቱ መጠንም ከፍ እያለ የሚሄድበት የማዕረግ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። ይህም ሙያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው በመስክና በላቦራቶሪ የሚደረገው ምርምር ሲሆን፣ ሁለተኛውና በእኛ ዘንድ እጅግ የተዘነጋው፣ የምርምሩን ፍሬ ወደ ሕግ፣ ወደ በጀትና ወደ መንግሥታት ቃል ኪዳን የሚለውጠው የፖሊሲ ሥራ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ ከታችኛው እርከን ልጀምር። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ከተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንዲቱ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ በጤና ኬላዋ ተቀምጣ ቅጽ ትሞላለች፤ ወባ ስንት፣ ኩፍኝ የሚመስል ስንት፣ ማጅራት ገትር የሚመስል ስንት፣ ድንገተኛ የልጆች ሽባነት ስንት እያለች በየረድፉ ትጽፋለች። ምንም ያልታየ እንደ ሆነም ረድፉን ባዶ መተው አይፈቀድላትም፤ ዜሮ ብላ መመዝገብ አለባት። ባዶ ረድፍ ሠራተኛዪቱ ፈልጋ አጥታ ይሁን ወይም ጭራሽ ሳትፈልግ ቀርታ ይሁን ለሚያነበው አይነግረውም፤ ዜሮው ግን በፊርማዋ የጸና ምስክርነት ነው። ቅጹም ከኬላው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም ወደ ወረዳው፣ ወደ ዞኑና ወደ ክልሉ እየተደመረ ወጥቶ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ከሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል።

አሁን እነዚያን ዜሮዎች የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ዐሥር ሳምንት ሙሉ ዜሮ የጻፈ ወረዳ በእርግጥ ጤነኛ ነውን፣ ወይስ ሠራተኛዪቱ በወሊድ ፈቃድ ላይ ሆና ሌላው በልማድ እየሞላላት ነው? ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ሦስት የማጅራት ገትር ሕሙማን የታዩበት አገር ዘንድሮ አንድም የለበትም ሲባል፣ በክትባቱ ምክንያት ነውን፣ ወይስ ድልድዩ በጎርፍ ተወስዶ ሕሙማኑ ከጤና ጣቢያው መድረስ አቅቷቸው ነው? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ስታቲስቲክስን ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የወረዳውን መንገድ፣ የገበያውን ቀን፣ የንግሥ በዓሉን፣ የቆላ ወራጁንና የቀን ሠራተኛውን ጉዞ ያላወቀ ሰው፣ ስታቲስቲክስን የቱንም ያህል ቢራቀቅበት፣ ጥያቄው ከቶ አይመጣለትም። እንዲህ ያለው ዕውቀት ደግሞ በዓመታት የሚገኝ ነው፤ ሰውየው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፣ ተተኪውም ከሀሁ ይጀምራል።

እንደዚህ ያለውን ሰው ለማፍራት አገራችን በ2001 ዓ.ም. የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጀምራለች፤ ሠልጣኙ ከሁለቱ የትምህርት ዓመታት አብዛኛውን ከመማሪያ ክፍል ውጪ፣ በእውነተኛ ወረርሽኝ መካከል፣ ቤት ለቤት እየጠየቀ፣ ናሙና እየወሰደ፣ ሪፖርት እየጻፈ የሚያሳልፍበት መልካም ሥርዓት ነው። ሥልጠናው ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ተመራቂው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ጎበዝ ከሆነ በቶሎ ኃላፊ ይደረጋል፤ ኃላፊ ሲሆንም ከመስኩ ተለይቶ በስብሰባና በደብዳቤ መካከል ይውላል፤ ኃላፊነቱን ካልፈለገ ደግሞ ደመወዙ ባለበት ይቆማል፤ እርሱም ቤተ ሰቡን ማስተዳደር ሲያቅተው በፕሮጀክት ገንዘብ ከሚቀጥር ድርጅት ጋር የአንድ ዓመት ውል ይፈርማል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ በአደባባይ የተሰማበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው ይህን ነገር ለማመን ሌላ ማስረጃ አይሻም።

የፕሮጀክቱም ውል ቢሆን አስተማማኝ አለመሆኑ በዚያው ዓመት በጥር ወር ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በጤና ሚኒስቴር ሥር ያገለግሉ የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሌላ አገር ርእሰ ከተማ በአንድ ፊርማ የተወሰነው ነገር እዚህ የወረዳውን ወንበር ባዶ አደረገ። ለጋሹን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማለቴ፤ የሰጠው የራሱን ነውና ለዘመናት ስለ ሰጠውም ምስጋና ይገባዋል። ተጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ ሠራዊታችንን በውጭ ገንዘብ ለማስተዳደር ከቶ የማንፈቅድ ሰዎች፣ ከሠራዊት ባልተናነሰ ሁኔታ ሕይወታችንን የሚጠብቁትን ሰዎች ደመወዝ ለባዕድ በጎ ፈቃድ መተዋችን ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ ምርምሩ ክፍል ስናገር የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ስም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እኒህ ሊቅ በ1956 ዓ.ም. ግድም በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚፈሰው ውኃ ውስጥ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከሚያጥቡበት ስፍራ ከፍ ብሎ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። የቢልሃርዚያ ተሕዋስ ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋልና፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ የምናውቀው እንዶድ የበሽታውን ሰንሰለት ሊበጥስ እንደሚችል በዚያች ሰዓት ተገለጸላቸው። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈው ሰው ሁሉ ያንኑ ውኃ ያይ ነበር፤ ሆኖም የሞተ ቀንድ አውጣ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ ቆሞ ለመመርመርም ጊዜውና ሥልጣኑ የተሰጠው ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

የቀረው የታሪኩ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ግኝቱ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ፣ አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እጅግ ረጅም ዘመን ደክመዋል፤ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ የተቀበሉት በ1982 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመጀመሪያይቱ ዕለት ሩብ ምእት ዓመት አልፎ ነበር። የአፍሪካ ሊቅ ያገኘው ነገር በሌሎች ቤተ ሙከራ እንደገና ካልተገኘ አይታመንም የሚለው አስተሳሰብ ብርቱ መሰናክል እንደ ሆነባቸው እርሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ነገር፣ ተመራማሪው የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ ከጎኑ ቆሞ የመድኃኒት ፈቃድን ሥርዓት፣ የፈጠራ መብትን ሕግ፣ የዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን ቋንቋና ልማድ አውቆ የሚሟገትለት የፖሊሲ ሰው ከሌለ፣ ፍሬው በማሳው ላይ እንዳለ ዘመኑ ያልፋል የሚል ነው።

ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋበት ታሪክም ስለዚሁ ሙያ የሚያስተምረው አለው። ዘመቻው በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በዲሞ መንደር እስከ ታየበት ጊዜ ድረስ፣ ሠራተኞቹ ገደል ወጥተው፣ በረሃ ወርደው፣ ሕመምተኛውን እየፈለጉ፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ እየከተቡ፣ በሽታውን እንደ አውሬ ከቦታ ቦታ አሳድደዋል። ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሲሮ ዴ ኳድሮስ የተባለ ወጣት ብራዚላዊ ሐኪም፣ በኢትዮጵያ ተራሮች የተማረውን ጥበብ ይዞ ወደ አሜሪካ አህጉር ተመልሶ፣ የልጆች ሽባነት ከዚያ አህጉር እንዲጠፋ የተደረገውን ሥራ መራ። የእኛዎቹ ክትባት ሰጪዎችና የቅኝት ሠራተኞችስ? ከእርሱ ጋር ያንኑ ገደል ወጥተዋል፤ ዕውቀታቸው ግን ወደ ሌላ ሥራ የሚሸጋገርበት መደብ ስላልተዘጋጀ፣ አብዛኞቹ ስማቸው እንኳ በቅጡ ሳይጻፍ ተበትነው ቀርተዋል። አንዱ በተዘጋጀለት የሙያ መንገድ ሄዶ አህጉርን ሲጠቅም፣ ሌላው በዚያው ችሎታ ላይ ሳለ መንገድ አጥቶ ቀረ።

ስለ እንስሳት ሐኪሞችም በጥቂቱ ላንሣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ያመጣው በመጀመሪያ የከብት እልቂት ነበርና። ያን እልቂት ያመጣው የደስታ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ እንደ ጠፋ በታወጀ ጊዜ፣ የደብረ ዘይት የክትባት ሊቃውንትና በአፋር በረሃ ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት ተሸክመው የዞሩት የአርብቶ አደር ልጆች ከድሉ ድርሻ ነበራቸው። ወረርሽኝ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገር ስለ ሆነ፣ የእንስሳት ሐኪሙና የሰው ሐኪሙ በአንድ ጠረጴዛ የማይቀመጡበት አገር በሽታው ደጁን ከተሻገረ በኋላ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህንንም በቅርቡ በጂንካ አይተነዋል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ ተገለጸ፤ ይህም ኢቦላን ከሚያመጣው ጋር የሚዛመድ፣ በፍራፍሬ በሚኖሩ የሌሊት ወፎች ዘንድ የሚቆይ፣ እጅግ ገዳይ የሆነ ቫይረስ ነው። ከሕመምተኛው የተቀዳ ጥቂት ደም በታሸገ ብልቃጥ ሆኖ፣ ብልቃጡ ፈሳሽ በማያሳልፍ ዕቃ ገብቶ፣ ዕቃውም በሦስተኛ ጠንካራ ሣጥን ተከቶ፣ በረዶ ተደርጎበት ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ በዚያም ለዚህ የተሠለጠነ ሰው ጓንት በጓንት ላይ አጥልቆ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ በጥንቃቄ ይከፍተዋል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የኮሮና ቫይረስ ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ በአፍሪካ ምርመራውን ማድረግ የሚችሉት የሴኔጋልና የደቡብ አፍሪካ ላቦራቶሪዎች ብቻ ስለ ነበሩ፣ የእኛም የመጀመሪያ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው መልስ ሲጠበቅ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ የማርበርግ ቫይረስ በአገር ልጆች እጅ፣ በአገር ቤት መለየቱ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል፤ በማሽኑ የሚሠራው ሰው ግን በነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ከሥራው ሳይነቀል በመቆየቱ የተገኘ ነው።

ሆኖም ናሙናው ከተነበበ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የላቦራቶሪ ጥያቄ አይደለም። የቫይረሱ የዘረመል ቅደም ተከተል ለዓለም ሲሰጥ፣ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ክትባት የሚሠራ ኩባንያ ለሰጪው አገር ምን ይመልሳል? በኅዳር 2014 ዓ.ም. የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሊቃውንት ኦሚክሮን የተባለውን የኮሮና ዝርያ አግኝተው ሳይደብቁ ለዓለም ባሳወቁ ጊዜ፣ የተመለሰላቸው ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ የአውሮፕላን በረራ መታገድ ነበር። ሊቃውንቱ ግዴታቸውን በክብር ፈጸሙ፤ እውነት ስለ ተናገሩ እንዳይቀጡ በተግባር የሚከላከል ሕግ ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ነው የፖሊሲ ሰው የሚያስፈልገው። በግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በጄኔቫ የዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት፣ ሦስት ዓመት የፈጀ ክርክር ውጤት ሲሆን፣ ከአወያዮቹ አንዷ ፕሪሸስ ማትሶሶ የተባሉ፣ በአገራቸው በደቡብ አፍሪካ በመድኃኒት ቁጥጥርና በጤና ሚኒስቴር ለብዙ ዘመን ያገለገሉ እመቤት ነበሩ። በስምምነቱ እንደ ተጻፈው፣ ተሕዋስንና የዘረመል መረጃን ለመጋራት በታሰበው ሥርዓት የሚሳተፉ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት ክትባትና መድኃኒት 20 በመቶ ያህሉን ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያቀርቡ፣ ከምርታቸውም ቢያንስ 10 በመቶው በነጻ እንዲሆን ታስቧል፤ የአፈጻጸሙ ዝርዝር ግን በአባሪ እንዲወሰን ተደርጓል። በ2013 ዓ.ም. ክትባት ስንጠብቅ ባለጸጎቹ አገሮች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ የሚበቃቸውን በውል ይዘውት እንደ ነበር ያልዘነጋ ሰው፣ በእንዲህ ያለው አባሪ ውስጥ አንዲት ሐረግ የስንት ሰው ሕይወት እንደ ሆነች ይረዳዋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ባለጸጎቹ አገሮች የሕግ፣ የንግድ፣ የሥነ ሕይወትና የኢኮኖሚ ሊቃውንት አሰልፈው ሲመጡ፣ የብዙ አፍሪካ አገሮች ወንበር የያዘው አንድ ዲፕሎማት፣ ያውም በዚያው ቀን ሦስት ሌላ ስብሰባ የሚጠብቀው ሰው ነው። የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ መቀመጫው በአዲስ አበባ ነው፤ በዚህች ከተማ የሚማር የሕግ ተማሪ የዓለም አቀፍ ጤና ሕግን ለመለማመድ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም ነበር፤ ሆኖም ከሕግ ተማሪዎቻችን ስንቱ ይህ የሥራ መስክ መኖሩን ሰምቷል?

የአገር ውስጡም ሕግ ቢሆን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል። በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ከታየ ወር ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ ሊደረግ የታሰበው ምርጫም ሲራዘም፣ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ቢያልቅ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕገ መንግሥት ትርጉም ቀረበ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። የማምነው ግን፣ ወረርሽኝ በምርጫ ዓመት ቢነሣ ምን ይደረግ የሚለውን ጥያቄ በጸጥታው ዘመን አንሥቶ፣ በርጋታ አጥንቶ፣ ረቂቅ አዘጋጅቶ በመሳቢያ ያስቀመጠ አንድ የሊቃውንት ክፍል ቢኖር ኖሮ፣ አገሪቱ በዚያ ሰዓት የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር። ትምህርት ቤትን ለመዝጋት ሥልጣን ያለው ማነው? ለይቶ ማቆያ የገባ የቀን ሠራተኛ ልጆቹን ማን ያበላለታል? ይህን የመሰለውን ጥያቄ ማጥናት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለሌላ ተግባር የተቀጠረ ሰው በትርፍ ጊዜው የሚያደርገው አይደለም።

አገሪቱ ድሃ ናት፣ ዛሬ የታመመውን የሚያክም ሳናገኝ ነገ ለሚመጣው በሽታ ሰው ማስቀመጥ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ የሚያነሡትም ቅን ሰዎች ናቸው። መልሴ ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች የማይታወቀውን በሽታ እየጠበቁ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ አይደሉም፤ ዛሬ ኮሌራንና ኩፍኝን፣ ከሁሉም በላይ ወባን የሚከታተሉት እነርሱ ናቸው። በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7,300,000 በላይ የወባ ሕሙማን በአገራችን ተመዝግበዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በ2009 ዓ.ም. ግድም በቀብሪ ደሃር፣ ከእስያ የመጣችና በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ የተገኘችው፣ ትንኝን ከትንኝ በአጉሊ መነጽር ለይቶ የሚያውቅ ሰው በመስክ ላይ ስለ ተገኘ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ባይኖር፣ ይህችው ትንኝ የደረሰችበት የድሬዳዋ ሕዝብ በበጋ ወባ ለምን እንደሚታመም ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ስለዚህ ለነገው የሚከፈለው ደመወዝ የዛሬውንም ሥራ ያሠራል።

ምን ይደረግ ለሚለው፣ በበኩሌ የማሳስበው ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት የቅኔ መምህር የደብር አለቃ ካልሆነ ክብር አያገኝም የተባለበት ጊዜ የለም፤ በወንበሩ ላይ እንዳለ ዕውቀቱ ባደገ መጠን መዓርጉም ያድጋል፣ ደቀ መዛሙርቱም ከሩቅ አገር ይመጡለታል። የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂስቱም፣ የላቦራቶሪው ሰውም፣ የትንኝ አዋቂውም እንዲሁ፣ ኃላፊ ሳይሆኑ በሙያቸው ብቻ እስከ ከፍተኛው ደመወዝ የሚደርሱበት ሥርዓት ሊወጣላቸው ይገባል። ደመወዛቸውም ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይሁን፤ የለጋሽ ገንዘብ ለመሣሪያና ለሥልጠና ይዋል። በጤና ሚኒስቴር፣ በፍትሕ ሚኒስቴርና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መካከል የጋራ የሆነ፣ ጥቂት የሕግ፣ የኢኮኖሚና የጤና ሊቃውንት ያሉበት ቋሚ የወረርሽኝ ፖሊሲ ክፍል ይቋቋም፤ በጄኔቫ የሚቀመጡትም ሰዎች ቢያንስ ለዐሥር ዓመት የማይለዋወጡ ይሁኑ፤ የክርክርን ታሪክ የማያውቅ ተከራካሪ በየጊዜው ቢላክ ጥቅም የለውምና። በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት የእኛው ሊቃውንት ደግሞ፣ ለአንድ ሳምንት ጉባኤ ከመጥራት ይልቅ፣ ለዓመታት የሚዘልቅ የማማከርና የማስተማር ውል ቢሰጣቸው፣ ብዙዎቹ እንደሚፈቅዱ አልጠራጠርም።

ወጣቱ አንባቢ ግን ሥርዓቱ እስኪስተካከል መጠበቅ የለበትም። ሐኪም መሆን ግዴታ አይደለም፤ የሒሳብ ዝንባሌ ያለው ስታቲስቲክስን፣ እንስሳ የሚወድ የእንስሳት ሕክምናን፣ ክርክር የሚወድ ሕግን፣ የሕዝብን ልማድና እምነት ማጥናት የሚወድ ሥነ ሰብእን ይዞ ወደዚህ ሥራ ሊገባ ይችላል። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ደጅ ያለው ቦታ ጥቂት ቢሆንም ክፍት ነው። አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር፣ የዚህ ሙያ ታላቁ ውጤት ሳይደርስ የቀረ ጥፋት ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የሚቆምለት ሐውልት፣ በቴሌቪዥን የሚነገርለት ዜና እንደማይኖር ነው። ክብሩን ሊከፍለው የሚችለው የሥራ ባልደረቦቹ ግምትና የመንግሥት የማዕረግ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሥርዓቱ እንዲቆም አጥብቄ እለምናለሁ።

የመንግሥት በጀት በየዓመቱ በሰኔ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ በሐምሌ መባቻ ሥራ ይጀምራል። ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ በመጪው ሰኔ ተነሥቶ፣ በየወረዳው ያሉት የበሽታ ቅኝት ሠራተኞች ስንቶቹ በመንግሥት ደመወዝ፣ ስንቶቹ በፕሮጀክት ውል እንደሚሠሩ፣ ውላቸውም መቼ እንደሚያልቅ በስም ዝርዝርና በቁጥር እንዲቀርብለት የጤና ሚኒስትሩን ቢጠይቅ፣ መልሱም በዚሁ ጋዜጣ ላይ ቢታተም፣ ከየትኛው ወረዳ መጀመር እንዳለብን ሁላችንም እናውቀዋለን።